የማይዞረው ብሎን

ሞተሬ ካቴናውን መጣል የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ጎማ በኩል ብረት ብረትን የሚያኝክ ዓይነት። ቀጥሎ ዳገት ስይዝ ካቴናው ከጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ይወልቅ ጀመር። እወርዳለሁ፣ ቁጢጥ ብዬ መልሼ አስገባዋለሁ፣ ተነስቼ እቀጥላለሁ። ያን ሰሞን ከጥፍሬ ስር ጥቁር ቅባት ጠፍቶ አያውቅም። ልጆቼን ላጎርሳቸው ስል «እጅሽ!» እያሉ ይሸሹኝ ነበር።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ሐይቅ ነው፤ ሥራዬ አምባሰል ወረዳ። ጠዋት ከሐይቅ ተነስቼ ውጫሌ ቢሮ ገብቼ እፈርማለሁ፤ ከዚያ መርፌና መድኃኒት የያዘውን ቦርሳ ከኋላዬ አስሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ እወጣለሁ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። በፊት በፊት ሴት ልጅ ሞተር ላይ ሲያዩ መንገድ ዳር ቆመው የሚያፈጡብኝ ነበሩ፤ አሁን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ሻሼን ከሄልሜቱ ስር ጠበቅ አድርጌ፣ ቀሚሴን ከሱሪዬ ላይ ሰብስቤ፣ ደክሞት ወደ ሥራው እንደሚሄድ እንደማንኛውም ሰው አልፋለሁ።

ስለ ካቴናው ትንሽ ልናገር፤ ካልተናገርኩ የደረሰብኝ ነገር አይገባም። የሞተር ካቴና እየቆየ ይላላል። ሲላላ የኋላውን ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ መወጠር ነው። ለዚህ ሥራ ከጎማው በግራና በቀኝ አንዳንድ ብሎን አለ፤ መወጠሪያ ይባላል። ሁለቱን እኩል ካዞሯቸው ጎማው ቀጥ እንዳለ ይሳባል። የእኔ ሞተር የግራው ይዞራል። የቀኙ ግን ከነዳዶው ዝጎ አንድ ብረት ሆኗል። የግራውን ብቻ ሲያዞሩት ጎማው ይጣመማል፤ ጎማው ሲጣመም ካቴናው ቦታው ላይ አይቀመጥም።

ዝገቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጦርነቱ እኛ ዘንድ የደረሰ ጊዜ ከቢሮው ግቢ የተገኘው ሞተር ሁሉ ተወሰደ። የእኔ የተረፈው ቤቴ ስለነበር ነው። አጎቴ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አስተኛውና ከላዩ ገለባ ከመረበት። ነገሩ ከበረደ በኋላ ስናወጣው ላስቲኩ ተቀዶ ውሃ ገብቶበት ነበር። ባትሪ ተቀየረለት፣ ተነሳ፤ የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ። የቀኙን ብሎን ያኔ ልብ ብሎ ያየ የለም።

ሐይቅ ላይ ሞተሬን የሚሠራልኝ መካኒክ ከአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ ቤት ያለው፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ካቴናው ሲያስቸግረኝ ወሰድኩለት። ብሎኑ ላይ ናፍጣ አፈሰሰበትና እንዲጠጣ ተወው። ቆይቶ በመዶሻ ቀስ እያለ መታው፣ ቁልፍ አስገብቶ ሞከረ፣ ተነስቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አይሆንም እህቴ» አለኝ። «ውስጡን ዝገት በልቶታል። ባስገድደው ይበጠሳል። ከተበጠሰ ደግሞ ጎማሽ ጋዝ በሰጠሽ ቁጥር ወደ ፊት ይሸሻል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቆርጠን አውጥተን በብየዳ አዲስ እንሠራለታለን። ግን የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቢሮሽ ሳይፈቅድ አልቆርጥም። እስከዚያው ቀስ ብለሽ ንጂ። ዳገት አታብዢ።»

አምባሰል እየሠሩ ዳገት አለማብዛት እንዴት እንደሚቻል ልጠይቀው ፈለግኩና ተውኩት። የሚለው ቢያጣ ነው እንጂ እሱም አገሩን ያውቀዋል።

ለቢሮው ነገርኩ። «ይታያል» ተባልኩ። ቆይቼ ጠየቅኩ፤ «ሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። ደግሜ ስጠይቅ ሂደት ላይ ነው ያለኝ ሰው ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ አዲሱ ሰውዬ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዳስረዳው ጠየቀኝ። አስረዳሁት። እሱም «ይታያል» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ለመናደድም ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ከቤት ስወጣ ደክሞኝ ነው የምወጣው፤ ተኝቼ ስነሳም ድካሙ ከአጠገቤ ይነሳል። የከብት ክትባት፣ የበግ በሽታ፣ የዶሮ ፈንግል፣ ስብሰባ፣ ከዚያ ካቴና።

መስከረም ከተጋመሰ በኋላ አንድ ጠዋት ገና ሻይ ይዤ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው ከውጫሌ በላይ፣ ተራራው ጥግ ካለ መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አውቃታለሁ። አንዲት ላም አለቻት። ላሟን የገዛችላት አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጇ ናት። ላሟ የመጣች ሰሞን ላስከትብ ብላ ስትጠራኝ፣ እናትዬዋ ላሟን በእጇ እያሻሸች «ይቺ ልጄ ናት፤ ልጄ የላከቻት ልጄ» ብላኝ ነበር።

«ዶክተር፣ ላሜ ተጨነቀችብኝ» አለችኝ አሁን። «ከሱብሂ ጀምሮ ታምጣለች። እግር ብቅ ብሎ ቀረ።»

«ጭንቅላቱ ይታያል?»

«ኧረ ጭንቅላት የለም። ሁለት እግር ብቻ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ከጎተቱት ጥጃውም ላሟም ይጠፋሉ።

«እየመጣሁ ነው። እስክደርስ ማንም እንዳይጎትተው። ጎረቤት ልርዳሽ ቢልሽም እንዳይነካው።»

«እሺ። ቶሎ ድረሺልኝ እቴ። ወላሂ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ አስፋልት ነው። አንድ ጊዜ ካቴናው ወለቀ፤ መልሼ አስገባሁት። መንገዱ ከግሸን በሚመለሱና ወደ ግሸን በሚሄዱ አውቶቡሶች ተጨናንቋል፤ የንግሡ ሰሞን ነው። ነጭ የለበሰ ሰው በየመስኮቱ ይታያል፤ ጡሩምባው ጆሮ ይበጥሳል። ውጫሌ ስደርስ ቢሮ ሳልገባ አለፍኩ። ከከተማው ወጥቼ የጠጠሩን መንገድ ስይዝ ዳገቱ ጀመረ።

ዳገቱ ላይ ካቴናው ወለቀ። አስገባሁት። ትንሽ ሄጄ እንደገና ወለቀ። እንደገና አስገባሁት፤ ጋዝ ስሰጠው እዚያው ቆሜ ወለቀ። ከዚህ በኋላ እንዲህ እያልኩ እንደማልደርስ ታወቀኝ። በጣም ላልቷል። ቢያንስ ትንሽ ካልተወጠረ አይሄድም።

ቁልፎቼን ከኮርቻው ስር አወጣሁ። ጎማውን የሚይዘውን ትልቅ ብሎን፣ ፔርኖውን፣ አላላሁ። የግራውን መወጠሪያ አዞርኩ፤ እሺ አለ። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞሬ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ያለኝን አልረሳሁም። ግን ያቺ ሴት በር ላይ ቆማ የሞተር ድምፅ ስትጠብቅ ይታየኝ ነበር። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ በድንጋይ ቆርቆር አደረግኩት። ቁልፉን አስገባሁና በእጄ ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች። ተነሳሁና ቁልፉ ላይ በእግሬ ቆምኩበት።

ዞረ። ከእግሬ ስር ቀስ ብሎ ሲሄድ ተሰማኝ። «እሰይ! ቢስሚላህ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ወዲያው ጧ አለና ቁልፉ ወደቀ፤ እኔም በጉልበቴ ወደቅኩ። የዞረ የመሰለኝ ሲበጠስ ኖሯል። የብሎኑ ጭንቅላት ከነዳዶው ጠጠሩ ላይ ተንከባሎ ቆመ። የቀረው ግማሽ ብረቱ ውስጥ ነው።

ጎማውን አጥብቄ ለመንዳት ሞከርኩ። መካኒኩ እንዳለው ጋዝ ስሰጠው ጎማው በአንድ በኩል ወደ ፊት ሸሸና ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ ተቆለፈ። አለቀ።

ቢሮ ደወልኩ። መኪናው ሰው ይዞ ደሴ ስብሰባ ሄዷል። ውጫሌ ላለ አንድ ባለ ባጃጅ ደወልኩ፤ በዚያ ዳገት ባጃጁ እንደማይወጣ ነገረኝ። እውነቱን ነው። መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ያምረኛል ብዬ ነበር፤ አላማረኝም። የፈለግኩት ጋደም ማለት ብቻ ነው። ከታች ውጫሌ ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል፤ ቢጫ አደይ በየማሳው ጠርዝ ወጥቷል፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ እየደማ «ትንሽ ብቻ ልተኛ» እያልኩ ነው።

ከዚያ ከላይ በኩል አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ሲወርድ አየሁ። ሲቀርቡ አወቅኳቸው፤ ባላውቃቸው ደስ ባለኝ።

እኚህ ሰው እድሜያቸው ገፋ ያለ ገበሬ ናቸው። ቀደም ባለው ዓመት አንድ በሬያቸው በድንገት ታሞ ጠርተውኝ ነበር። ስደርስ በሬው ወድቋል፤ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል፤ አባ ሰንጋ መሆኑን ጠረጠርኩ። እሳቸው ሳይሞት ሊያርዱትና ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ እንዲረዳቸው አስበው ቢላዋው ተስሎ ተቀምጧል። ከቢላዋውና ከበሬው መሃል ቆሜ አይሆንም አልኩ። ጭቅጭቅ ሆነ። የቀበሌ ሰው አስጠራሁ። በሬው እዚያው ሞተ፤ ሳይገፈፍ፣ ሳይከፈት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከነቆዳው ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። «በሬዬን ያስቀበረችው ሴት» እንደሚሉኝም ሰምቻለሁ።

አሁንም አጠገቤ ሲደርሱ ሳያዩኝ አለፉ። በቅሎዋ ኮርቻ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ አለ፤ ደካማ ሰው ወደ ግሸን አድርሰው እየተመለሱ መሰለኝ። ጥቂት ሄደው ቆሙ። ሳይዞሩ፣

«ሞተሩ ምን ሆነ?» አሉ።

«ተሰበረ።»

«ወዴት ነበርሽ?»

«ላም አምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ላይኛው መንደር። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ አረብ አገር ያለችው ሴት ናት።»

አሁን ዞሩ። ደም ያለበትን ጉልበቴን አዩ፤ ሞተሩን አዩ።

«ባሏን ከቀበሩት አንዱ ነኝ» አሉ። «ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ምጧ ቆይቷል?»

«ከንጋት ጀምሮ።»

የበቅሎዋን ልጓም ሳብ አደረጉና ፊቷን ወደ መጣችበት መለሱት።

«በይ ውጪ» አሉኝ።

«አባቴ፣ በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«በዚህ ብረት ላይ ከምትወጪው ይሻላል። ውጪ። እኔ እይዝልሻለሁ።»

ሞተሩን እየገፋን እዚያው መታጠፊያ ላይ ካለ ቤት ግቢ አስገባነው። ቦርሳዬን አንግቼ በቅሎዋ ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ኮርቻውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ገደሉ ላለማየት እሞክራለሁ። ከጀርባ ሳያቸው የአንገታቸው ጅማት ተወጥሮ ይታየኛል። ከግሸን ድረስ በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ የወረዱትን ዳገት ለሰው ላም መልሰው ይወጣሉ። «እርስዎ ይውጡ፣ እኔ በእግሬ ልሂድ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ብል ኖሮ የሚቀበሉኝ አይመስለኝም፤ ግን ያላልኩት ለዚያ አይደለም። እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው።

ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። የሞተር ድምፅ ስትጠብቅ በቅሎ ስታይ ግራ ገባት፤ ወዲያው ሮጣ መጥታ እጄን ይዛ ሳበችኝ።

ላሟ ከቤቱ ጎን በጎኗ ተኝታለች። ሆዷ ይኮማተራል፣ ድምፅ ግን አታሰማም፤ ደክማለች። ሁለቱ የፊት እግሮች እስከ ጉልበት ወጥተዋል፤ ደርቀዋል። እጄን እስከ ብብቴ በሳሙና ታጠብኩና ዘይት ተቀባሁ። ባልደረቦቼ ወንዶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ግን ቀጭን ክንድ ይሻላል። ቢስሚላህ ብዬ እጄን አስገባሁ።

እንደፈራሁት አንገቱ ወደ ጎን ታጥፎ ጭንቅላቱ ጎድኑ ላይ ተኝቷል። ጣቴን ወደ አፉ አደረስኩ። በሕይወት ያለ ጥጃ ጣት ሲገባበት ይጠባል፤ ይሄ አልጠባም። ምላሱን ቆነጠጥኩት፤ አልሳበም። ዓይኑን ነካሁት። ምንም የለም።

ቀና ብዬ ሴትዮዋን አየኋት። የላሟን ጭራ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ጥጃው የለም» አልኳት። «እሷን እናድናት።»

ከንፈሯን ነከሰች። «እሷን አድኚልኝ» አለች።

የቀረውን ሥራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጥጃውን ወደ ውስጥ መግፋት፣ ላሟ ስታምጥ ክንድ የሚሰባበር እስኪመስል መታገስ፣ ስታርፍ ጭንቅላቱን መፈለግ፣ አገጩን ይዞ ማዞር፣ ማምለጥ፣ እንደገና መያዝ። ክንዴ ደንዝዞ የራሴ መሆኑ ጠፋኝ። መሬቱ ላይ በጎኔ ተኝቼ፣ ጉንጬ የላሟ ጭን ላይ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደዚያው ሆኜ መተኛት እችል ነበር። ሽማግሌው ከበላዬ፣

«ያዝሽው?» አሉ።

«አልያዝኩትም።»

«ጊዜ አለ። አርፈሽ ያዢው።»

ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ «ቶሎ በይ» ነው የሚለኝ። እስትንፋሴን ሰበሰብኩ። ጭንቅላቱን አገኘሁት፣ አገጩ ስር ጣቶቼን ቆለፍኩ፣ ላሟ ስታርፍ ሳብኩት፤ ዞረ። ገመዱን በእግሮቹና በጭንቅላቱ አሰርኩ። ጫፉን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። «ስታምጥ ብቻ ይሳቡ፤ ስታቆም ያቁሙ» አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። ስታምጥ ይስባሉ፤ ስታርፍ እሳቸውም ያርፋሉ። በመጨረሻ ጥጃው ተንሸራቶ ገለባው ላይ ወጣ። ሴት ነበረች፤ ቡራቡሬ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ምንም የማይጎድላት።

ለላሟ መርፌ ወጋሁና ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ይህን ጊዜ የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። አውጥታ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ ናት» አለች። «ትናንት ልትወልድ ነው ብያታለሁ።»

ስልኩ ይጮሃል። ጥጃዋ ከፊታችን ተኝታለች። ሴትዮዋ አነሳችው፤ ከውስጥ «እማ! ወለደች?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናትየው ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ ንገሪያት። እኔ አልችልም።»

ባልቆሸሸው እጄ ተቀበልኩ።

«እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ነኝ። ላሟ ተርፋለች። ጥጃዋ ግን አልተረፈችም።»

ከወዲያ በኩል የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ዕቃ እያጠበች መሆን አለበት።

«ሴት ነበረች?» አለች ቆይታ።

«አዎ።»

«እማዬ እያለቀሰች ነው?»

አየኋት። «አይደለም። ላሟን እያሻሸች ነው።»

«ላሟ ቆማለች?»

«ገና ነች። ትቆማለች።»

«እሺ። ስትቆም...» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይ፣ እንዳትደውሉ። ስልክ ይዤ ካዩኝ ይቆጡኛል። እኔው ፈልጌ እደውላለሁ። እማዬን አብሽሪ በይልኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

«አብሽሪ ብላሻለች» አልኳት እናትየውን። ያን ጊዜ አለቀሰች። ብዙ አይደለም፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ለላሟ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

ላሟ ውሃውን ጠጣች። ሽማግሌው ከጎን ትከሻቸውን ሰጥተው፣ እኛ ከኋላ ደግፈን አነሳናት። መጀመሪያ ተንገዳገደች፤ ኋላ እግሯን ዘርግታ ቆመች። ሴትዮዋ «አልሀምዱሊላህ» አለች፤ ሽማግሌው አማተቡ። ላሟ ዞር ብላ ጥጃዋን መላስ ጀመረች። ይህን ሳይ ፊቴን አዞርኩ።

የሴትዮዋ ሐሳብ ግን ቀድሞ ሄዷል። ጥጃ የሌላት ላም ወተቷን ትይዛለች። ቆዳው ተገፍፎ፣ ገለባ ተጠቅጥቆበት፣ ስትታለብ ከፊቷ ቢቆም ልጇ እየመሰላት እየላሰች ትሰጣለች። ሽማግሌውን በዓይኗ ለመነቻቸው። ቢላዋ ጠየቁ። ከመጀመራቸው በፊት ግን ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄንንስ ልግፈፈው?» አሉኝ።

ቀልድ ይሁን ምሬት አልገባኝም። «ይሄ በሽታ የለበትም» አልኳቸው። «ይግፈፉት።»

ስንመለስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። በቅሎዋ ላይ አልወጣሁም፤ እሳቸውም አልወጡም። በቅሎዋ ባዶዋን መሃላችን ትሄዳለች። ከመንደሩ ራቅ ካልን በኋላ ነው ያነሱት።

«ያን በሬ ያኔ ብናርደው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ያረደውም፣ የገፈፈውም፣ የበላውም ይታመም ነበር። ልጆችዎ ሊሞቱ ይችሉ ነበር።»

«ይህን ያኔ አልነገርሽኝም።»

«ነግሬዎት ነበር አባቴ።»

ጠጠሩ ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል።

«ሊሆን ይችላል» አሉ። «እኔ የሰማሁት ቅበር ያልሽውን ብቻ ነው።»

አሁን በምን እንደሚያርሱ ጠየቅኳቸው። ካላቸው አንድ በሬ ጋር ከጎረቤት እየተቀናጁ እንደሚያርሱ፣ ተራ ሲደርሳቸው አንዳንዴ ዝናቡ እንደሚያልፋቸው ነገሩኝ። በምሬት አይደለም የነገሩኝ፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወሩ ነው። የተረፈውን በሬ ክትባቱ ሲመጣ እንዳስታውሳቸው ጠየቁኝ። አስታውሳለሁ አልኳቸው። ሞተሩ ያለበት ግቢ ስንደርስ ቆሙ፤ «እግዜር ያበርታሽ» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ በቅሎዋን እየሳቡ ወረዱ። ዕርቅ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ገበያ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ።

እህል አራግፎ ወደ ሐይቅ የሚመለስ አይሱዙ ለምኜ ሞተሩን አስጫንኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ልብሴን ሳልቀይር ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን መካኒኩ ዘንድ ገፋሁት። የተበጠሰውን ጉርድ አየና አየኝ።

«ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለኸኛል።»

«ቢሮሽ ፈቀደ?»

«አልፈቀደም። ቁረጠው።»

ትንሽ አሰበና መነጽሩን አጠለቀ። ጉርዱን በመቁረጫ እየበላ ማውጣት፣ ቀዳዳውን ማጽዳት፣ አዲስ ብሎን ልክ መፈለግ፣ መያዣውን በብየዳ ማጠንከር ነበረበት። የብረት ፍንጣሪ ይረግፋል። እኔ ከደጁ ያለ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጬ ለሴትዮዋ ደወልኩ። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ወጥቷል፤ ሳርም ቀምሳለች» አለችኝ። «ጠዋት ቆዳውን አቆምኩላት፤ እየላሰች ሰጠችኝ። ጥቂት ናት ግን ሰጠችኝ። አላህ ድካምሽን ይቁጠርልሽ።»

«ልጅሽ ደወለች?»

«ገና። ጊዜ ስታገኝ ትደውላለች።»

ከዚያ በኋላ ቢሮ መደወል ነበረብኝ፤ ትናንት ለምን እንዳልፈረምኩ ማስረዳት፣ የመንግሥት ሞተር ለምን ያለ ፈቃድ እንደተቆረጠ ማስረዳት። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። መቁረጫው ይጮሃል፤ ከአስፋልቱ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይመጣል። ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጠሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም። የነቃሁት መካኒኩ ጫማዬን በጫማው ነካ አድርጎ፣

«እህቴ፣ ተነሺ፤ ሞክሪው» ሲለኝ ነው።